ከመቅደላ እስከ ጨርጨር፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ቆላ የሚያርስ ገበሬ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣበታል። ማሽላው ያሸታል፤ ወባም ይነሣል። ዝናቡ ሲያባራ ታቁሮ የቀረው ውኃ የወባ ትንኝ መራቢያ ስለሚሆን፣ እህሉ ለአጨዳ በሚደርስበት ወቅት አጫጁ አልጋ ላይ ይውላል። በደጋው ደግሞ ብርድና ዝናብ ሰውን በአንድ ጎጆ ሲያሰባስበው ቅማል ይበዛል፤ ቅማልን ተከትለው ተስቦና ግርሻ ይመጣሉ። የገበሬ ጤና ከአየሩ፣ ከውኃውና ከመሬቱ ከፍታ ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሐኪም ሆኖ ከመድኃኒት አልፎ የሕዝብ መታጠቢያ ያደራጀ፣ ስለ ምድር ጠባይ በአማርኛ መጽሐፍ የጻፈ፣ ስለ ጣና ውኃ ባሕር ተሻግሮ የተደራደረ፣ ቀጥሎም አውራጃ ያስተዳደረ ሰው ግን በኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ አይገኝም። ጎንደር ተወልደው፣ ባዕድ አገር አድገው፣ ወደ ገዛ አገራቸው እንደ እንግዳ የገቡት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ናቸው።

የመቅደላው ሕፃን

ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ነው። አባታቸው ነጋድራስ እሸቴ ወልደማርያም፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ወልደተንሣይ ይባላሉ። ጊዜው የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ የተቃረበበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊታቸውንና ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ መቅደላ አምባ ሲወጡ የወርቅነህ ቤተሰብም ከዚያው ተገኘ።

መቅደላ ዛሬ በደቡብ ወሎ ዞን፣ በተንታ ወረዳ የሚገኝ ገደላማ አምባ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሰብሮ ሲገባ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። አምባው ተዘረፈ፤ ተቃጠለ። በዚያ ሽብር መካከል ዕድሜው ሦስት ዓመት ገደማ የሆነ አንድ ሕፃን ከወላጆቹ ተለያይቶ ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን አነሣውና ከጦሩ ጋር ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ።

ቻምበርሌን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሞተ። ልጁ ዳግም ያለ አሳዳጊ ሲቀር ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ለመሸፈን ተስማማ። በአምሪትሳር ከተማ በሚገኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገባ። ከሁለቱ አሳዳጊዎቹ ስም ተወስዶም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። አማርኛው ከአፉ ጠፋ። የእናቱ መልክም ከልቡ ደበዘዘ። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ግን ያውቅ ነበር።

ወጣቱ ቻርልስ ማርቲን በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ። በኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ትምህርቱን አጠናክሮ ተመለሰ። በዚህም በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ከዚያም በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት በበርማ ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ።

አየሩና በሽታው

በርማ፣ የዛሬዋ ሚያንማር፣ በጊዜው በእንግሊዝ ሕንድ ሥር የምትተዳደር፣ ዝናብ የሚበዛባትና የሩዝ እርሻ የተስፋፋባት አገር ነበረች። ውኃ ያቆረ ማሳ፣ ሞቃት አየርና ወባ አብረው የሚኖሩባት ናት። በእንዲህ ያለ አገር የሚሠራ ሐኪም የታማሚው ቁጥር ከወር ወር ከዝናቡ ጋር ሲወጣና ሲወርድ ማየቱ አይቀርም።

የዚያ ዘመን ሐኪሞች ወባ ከረግረግ ከሚነሣ መጥፎ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ፈረንጆች ለበሽታው የሰጡት ማላሪያ የሚለው ስምም ከጣልያንኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ መጥፎ አየር ማለት ነው። የኢትዮጵያ ባላገርም በራሱ ልምድ ተመሳሳይ ነገር ተገንዝቦ ነበር። ቆላ ወርዶ አርሶ፣ ሌሊቱን ደጋ ወጥቶ የሚያድረው፣ መንደሩንም ከወንዝ ዳር ይልቅ ከፍታ ላይ የሚመሠርተው ቆላ ማደር ንዳድ እንደሚያመጣ ስለሚያውቅ ነው። የጎደለው ምክንያቱ ነበር። እሱም በ1889 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በዚያው በእንግሊዝ ሕንድ ተገኘ። ሮናልድ ሮስ የተባለ የሕክምና መኮንን የወባ ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ እንዳለ በማጉያ መነጽር አየ። በሽታውን የሚያመጣው አየሩ ራሱ ሳይሆን ዝናብና ሙቀት የሚያራቡት ትንኝ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ ወዲያ ረግረግ ማድረቅና የታቆረ ውኃ ማፍሰስ የሕክምና ሥራ ሆኑ።

ቻርልስ ማርቲን በዚያ የለውጥ ዘመን፣ በዚያው መንግሥት የጤና አገልግሎት ውስጥ ነበር። ይሁን እንጂ ሕይወቱን ያዞረው ከሕክምና ውጭ የሆነ ወሬ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የኢትዮጵያ ጦር የጣልያንን ጦር ድል ማድረጉን ሰማ። ወሬው ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ፣ በመቅደላ የጠፋው ልጅ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ነበር። ወደ አገሩ ለመሄድም ቆረጠ።

ድንኳን የተከለው እንግዳ

በ1891 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ሲደርሱ ከተማዋ ከተቆረቆረች ገና ብዙ ዓመት አልሞላትም። አገሪቱም ከክፉ ቀን ማገገሟ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ጣልያኖች ለጦራቸው ወደ ምፅዋ ካስገቧቸው ከብቶች የተዛመተው የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት ጨርሶ ነበር ማለት ይቻላል። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። ረሀቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘልቆ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ ፈጀ። ሐኪሙ ያገኙት ከዚህ የተረፈውን ሕዝብ ነው።

ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማከም ጀመሩ። አማርኛ ስለማያውቁ ከገዛ ወገናቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ስለ እንግዳው ሐኪም ሰምተው ማንነታቸውን አስጠየቁ። በመቅደላ ሕፃን ሳሉ መወሰዳቸው ሲነገር ወሬው በከተማው ተሰማ። ልጅ የጠፋባቸው ቤተሰቦችም ሰሙ። ሴት አያታቸው መጥተው በአካላቸው ላይ ባለ የልጅነት ጠባሳ ለዩዋቸው። ቻርልስ ማርቲን ወርቅነህ እሸቴ መሆናቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ተለይተውት የኖሩትን ስም መልሰው ያዙ፤ ቋንቋውንም እንደ ባዕድ ቁጭ ብለው ተማሩ።

ሙሉ በሙሉ ለመቆየት ግን ጊዜው አልፈቀደም። የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ ስለነበሩ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ በርማ ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በጠና በታመሙበት ጊዜ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት ዳግም መጡና ለጥቂት ዓመታት ሠሩ። ከዚያም በርማ ተመልሰው አገልግሎታቸውን ጨርሰው ጡረታ ወጡ። ለዘለቄታው ወደ አገራቸው የገቡት ከኅዳር በሽታ ማግስት፣ በ1911 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የገባው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ቤት ለቤት አንኳኩቶ ነበር። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ የዋለበት፣ ኅዳር በመጣ ቁጥር ጥራጊ የማቃጠል ልማድ የተጠናከረበት ዘመን ነው። ሐኪም ወርቅነህ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 አልፏል። ሌላው ሰው የሚያርፍበት ዘመን የእርሳቸው ዋና ሥራ የተጀመረበት ሆነ።

የፍል ውኃው ሥራ

ዛሬ ካዛንቺስና ቂርቆስ በሚባለው የመሐል አዲስ አበባ ክፍል ዝቅ ብሎ የሚገኘው ፍል ውኃ ለከተማዋ መቆርቆር ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውኃው ዙሪያ ባረፉ ጊዜ ቦታውን ወደዱትና አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱና ሠራዊቱም ተከትሎ ሰፈረ። ሕዝቡ ቁርጥማት፣ እከክና የቆዳ ቁስል ሲይዘው ወደ ፍል ውኃው ይሄድ ነበር።

ሐኪም ወርቅነህ የፍል ውኃውን መታጠቢያ በኃላፊነት ይዘው አሻሻሉት። ሥራው ላይ ላዩን ሲያዩት ለሐኪም የሚያንስ ይመስላል። ግን የከተማዋን አየር ላስተዋለ ሰው ትልቅ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር የሚልቅ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷ ረጅምና ቀዝቃዛ የሆነ ከተማ ናት። ከገጠር ለሥራ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ከሌሎች ጋር ተጠጋግቶ ያድራል። ልብሱን ለብርድ ደራርቦ ይለብሳል፤ አያጥበውም። ቅማል የሚራባውና ግርሻ የሚዛመተው በዚያ ወቅት ነው። በብርድ አገር ሙቅ ውኃ ማግኘት ማገዶ ይጠይቃል፤ ማገዶ ደግሞ ዋጋ አለው። ምድር ራሷ አሙቃ የምታወጣውን ውኃ ለመታጠቢያ ማዋል በሽታን ሳይመጣ መከላከል ማለት ነበር።

በዚሁ ዘመን ሌሎች ኃላፊነቶችም ተደራረቡባቸው። የውጭ አገር ዜጎችና ኢትዮጵያውያን በሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤት በዳኝነት ሠሩ። ሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ። ባሪያ ንግድን አጥብቀው ይቃወሙ ስለነበር ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ደገፉ። ከወይዘሮ ቀፀላ ቱሉ ጋር ትዳር መሥርተው የብዙ ልጆች አባት ሆኑ። ልጆቻቸውንም ሕንድና እንግሊዝ አገር ልከው አስተማሩ።

መጽሐፉና ጣና

1920 ዓ.ም. ለሐኪም ወርቅነህ ሁለት ትልልቅ ነገሮች የተገናኙበት ዓመት ነው። አንደኛው በአማርኛ ያዘጋጁት የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ በአዲስ አበባ መታተሙ ነው። አገር አገርን የማያውቅ ተማሪ ስለ ምድር ቅርጽ፣ ስለ ባሕርና ወንዝ፣ ስለ ሕዝቦችና ስለ ሀብታቸው በገዛ ቋንቋው የሚያነበው ጽሑፍ በእጅጉ ጥቂት በነበረበት ጊዜ የወጣ ሥራ ነው። አማርኛን ጎልምሰው የተማሩ ሰው በአማርኛ የመማሪያ መጽሐፍ መጻፋቸው የድካማቸውን ልክ ያሳያል።

ሁለተኛው የጣና ጉዳይ ነው። ነገሩ ሥር ያለው ነበር። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመ ውል ዐፄ ምኒልክ ያለ እንግሊዝ ስምምነት የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚገታ ሥራ እንዳይሠሩ ተስማምተው ነበር። እንግሊዞች ለሱዳንና ለግብፅ የጥጥ እርሻ ሲሉ በጣና ላይ ግድብ የመሥራት ፍላጎት ነበራቸው። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ጣልያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ በጉዳዩ ተስማሙ። ግድቡ ለእንግሊዝ እንዲሆን፣ ለጣልያንም በኢትዮጵያ ምድር የኢኮኖሚ ጥቅም እንዲጠበቅላት ተደጋገፉ። ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ብለው ተቃወሙ።

ከአቤቱታው በኋላ የተወሰደው እርምጃ ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ መላክ ነበር። በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ ኒውዮርክ ገብተው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። የሐሳቡ መሠረት ግልጽ ነው። ግድቡ የሚሠራ ከሆነ ባለቤቷ ኢትዮጵያ ትሁን፣ ውኃ የሚፈልገው ጎረቤትም ይክፈል የሚል ነው። ወሬው ሲሰማ ለንደን ደነገጠች። ሐኪም ወርቅነህ በዚያው ጉዞ የጥቁር አሜሪካውያን መኖሪያ ወደሆነው ሃርለም ሄደው የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ።

የኩባንያው ባለሙያዎች ቆይተው ጣናን ለማጥናት መጡ። ግድቡ ግን አልተሠራም። ድርድሩ ተጓተተ፤ በመጨረሻም የጣልያን ወረራ ሁሉንም አቋረጠው። ጣና ጫፍ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ የተሠራው፣ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የተከፈተው፣ በዓባይ ላይም የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ በጎንደር ተወልዶ በባዕድ ያደገ አንድ ሐኪም የጣናን ጉዳይ ይዞ ውቅያኖስ መሻገሩን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

የጨርጨር አገረ ገዥ

ከ1922 ዓ.ም. ወዲህ ሐኪም ወርቅነህ የጨርጨር አገረ ገዥ ሆኑ። አዛዥ የሚል ማዕረግም ነበራቸው። ጨርጨር በሐረርጌ ተራሮች ላይ የተዘረጋ፣ ከላይ ደጋ፣ ከመካከል ቡና የሚያበቅል ወይና ደጋ፣ ከታች ወደ አዋሽ የሚወርድ ቆላ ያለው አገር ነው። ቡናው ዝነኛ ነው። የጅቡቲና የአዲስ አበባ የባቡር ሐዲድም ከተራሮቹ ግርጌ ያልፋል። ከእርሳቸው ቀደም ብለው አውራጃውን ያስተዳደሩት ስለ እርሻ በውጭ አገር የተማሩት ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ሲሆኑ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ ከተማ፣ ያቋቋሙትም እሳቸው ናቸው።

ጨርጨር በዚያ ዘመን የአስተዳደር አርአያ እንዲሆን የተመረጠ አውራጃ ነበር። አሮጌው ሥርዓት የሚታወቅ ነው። ሹም ደሞዝ የለውም፤ የሚኖረው ከገባሩ ነው። ገባሩ እህል ይሰፍራል፣ ማር ያቀርባል፣ የሹሙን ማሳ ያርሳል፣ አጥር ያጥራል፣ ማገዶ ይሸከማል። ሹም በበዛ ቁጥር የገበሬው ሸክም ይበዛል። በአርአያው አውራጃ የታሰበው የሹሙን ቁጥር መቀነስ፣ ሹሙን በደሞዝ ማሳደር፣ ግብሩንም ተቆርጦ እንዲታወቅ ማድረግ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ይህንን ሐሳብ ይዘው ሠሩ። የተማሩ ወጣቶችን ወደ ሥራው አስገቡ። መንገድ አሠሩ፤ ትምህርት ቤትና የሕክምና አገልግሎት እንዲስፋፋ ደከሙ፤ ቡናውም እንዲለማ ተጉ።

መንገዱ ለምን ቀደመ ቢባል ቡና በተራራ ላይ ዋጋ የለውም። በአህያና በግመል ቁልቁል ወርዶ ባቡር ጣቢያ ሲደርስ ነው ገንዘብ የሚሆነው። መንገዱ በተሻለ መጠን ለአጓጓዥ የሚወጣው ወጪ ያንሳል፤ የቀረው ለገበሬው ይተርፋል። በዚያው መንገድ ሐኪምና መድኃኒት ወደ ላይ ይወጣሉ።

ይህ ሁሉ በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ የተሞከረ ነው። ሥር የሰደደውን የገባር ሥርዓት አራት ዓመት አይነቅለውም፤ ለውጡም ከጨርጨር አልፎ በሌሎች አውራጃዎች አልተዳረሰም። ሹመት ማለት ከሕዝብ መብላት ሳይሆን ለሕዝብ መሥራት መሆኑን ግን ጨርጨር ላይ በተግባር ማሳየት ተጀምሮ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1927 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ መንግሥት ባለሙሉ ሥልጣን መልእክተኛ ሆነው ተላኩ። ጣልያን መስከረም 1928 ዓ.ም. ጦርነቱን ስትከፍት ያሳደጋቸውን አገር ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ስለ ተወለዱበት አገር ሊያስረዱት ደከሙ። ገንዘብ ለመኑ፣ መድኃኒት አሰባሰቡ፣ በየስብሰባው ተናገሩ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ግን ኢትዮጵያን ብቻዋን ተዋት። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

በአገር ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩ ነበሩ። የተማሩ ወጣቶችና መኮንኖች ያቋቋሙትን የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር ተቀላቅለው በምዕራብ ኢትዮጵያ ተዋጉ፤ ቆይተውም ተማረኩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ኢትዮጵያዊ እየለቀሙ ሲፈጁ ሁለቱም ወንድማማቾች ተገደሉ። ወሬው አባታቸውን ያገኘው በስደት ነው። ሕፃን ሆነው ከወላጆቻቸው በጦርነት የተለዩት ሰው፣ ሽማግሌ ሆነው ልጆቻቸውን ለጦርነት ገበሩ።

ሐኪም ወርቅነህ የቀረውን የስደት ዘመን ባደጉባት በሕንድ አሳለፉ። አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ተመለሱ። ፍል ውኃ ባለበት አቅራቢያ፣ ከቤተ መንግሥቱ ማዶ ያለው ሰፈር አዲስ ስም አውጥቶ ጠበቃቸው። ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ ከሚሠራው ድርጅት ስም የተነሣ ሰፈሩ ካዛ ኢንቺስ ይባል ነበር፤ የከተማው ሰው አጠር አድርጎ ካዛንቺስ አለው። ልጆቻቸውን የገደለው መንግሥት ሄዷል፤ ስሙ ግን በሰፈሩ ቀርቷል። ሐኪም ወርቅነህ በዚያችው ከተማ ጥቂት ዓመታት በጸጥታ ኖረው በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በ88 ዓመታቸው ገደማ ዐረፉ።

ከሥራቸው የሚቀረው ትምህርት ለገበሬውም ለወረዳ አመራሩም ቅርብ ነው። ወባ በመስከረም የሚነሣው በሐምሌ ሳይፋሰስ በቀረ ውኃ ነው። የመስኖ ቦይ ሲቆፈር ማፋሰሻው አብሮ ካልታሰበ ምርት የሚጨምረው ውኃ አምራቹን ያሳምማል። የግብርና ባለሙያውና የጤና ባለሙያው አንድ ቀበሌ ውስጥ ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ክረምቱ ከወጣ ጉዳቱ በአጨዳ ጊዜ ይታያል። ፍል ውኃን ለበሽተኛ፣ መንገድን ለቡና አምራች፣ ደሞዝን ለሹም ያሰቡት ሐኪም ወርቅነህ ጤና፣ እርሻና አስተዳደር የማይነጣጠሉ መሆናቸውን በሥራቸው አሳይተው አልፈዋል።